ጎተራ ሙሉ፣ ክረምት ጎዶሎ፦ "መሠረታዊ ገቢ" የሚባለው ምንድን ነው?

ማቻከል ውስጥ የሚያርስ አጎት አለኝ። ጥር ላይ ብትሄዱበት ሀብታም ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ቤቱ እንግዳ አይለየውም። ነሐሴ ላይ ግን ያው ሰው ገበያ ወርዶ፣ ጥር ላይ በርካሽ የሸጠውን የመሰለ ጤፍ በውድ ሲገዛ ታገኙታላችሁ። በመሃሉ የማዳበሪያ ዕዳ ተከፍሏል፣ ግብር ተከፍሏል፣ ተዝካር ወጥቷል፣ አንዱ በሬ ታሞ በወረደ ዋጋ ተሽጧል። ሰውዬው ሰነፍ አይደለም፤ መሬቱም ክፉ አይደለም። አገሩ ሁሉ "ትርፍ አምራች" የሚለው ጎጃም ነው።

የአጎቴን ነሐሴ ያነሳሁት "መሠረታዊ ገቢ" የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ብዙ ሰው "ለሥራ ፈት ብር ሊታደል ነው" ብሎ ስለሚረዳው ነው። ሐሳቡን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ሰዎች በአብዛኛው የሚጨነቁት ስለ ሥራ ፈት አይደለም። ጎተራው ሞልቶ ክረምቱ ስለሚጎድልበት ሠራተኛ ሰው ነው።

ታዲያ መሠረታዊ ገቢ ማለት ምን ማለት ነው?

ለእያንዳንዱ ሰው፣ በየጊዜው፣ በገንዘብ፣ ሀብቱ ሳይመዘንና ሥራ ሳይታዘዝበት የሚሰጥ ክፍያ ነው። እያንዳንዱ ቃል ያለምክንያት አልገባም። "ለእያንዳንዱ ሰው" ሲባል የቤተሰቡ ሁሉ ተጠቃሎ ለአባወራው አይሰጥም፤ ሚስት በስሟ ትቀበላለች፣ የልጅ ድርሻ ለእናቱ ይሰጣል። "በየጊዜው" ሲባል ድርቅ ሲመጣ ተሰጥቶ ዝናብ ሲመጣ የሚቆም እርዳታ አይደለም። "ሀብቱ ሳይመዘን" ሲባል ድሃውን ከሀብታሙ የሚለይ ኮሚቴ የለም። "መሠረታዊ" የተባለው ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሰው እንዳይወድቅ የሚይዘው ወለል እንጂ የሚያንደላቅቅ ገንዘብ አይደለም።

ለጎጃም ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥ። ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ዋሸራ ቅኔ ሊማር የመጣ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። ባለቤቷ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ቅኔው ሞላለት ወይስ ጎደለበት ብላ አትጠይቀውም፤ አባቱ ስንት ጥማድ መሬት እንዳለውም አታጣራም። ቁራሿ ትንሽ ናት፣ ግን ነገም ትገኛለች። ልጁ ቁራሽ አገኘሁ ብሎ ትምህርቱን አይተውም፤ እንዲያውም ሌሊቱን ቅኔ ሲቆጥር የሚያድረው ሆዱ ባዶ ስላልሆነ ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። የቆሎ ተማሪ የሚኖረው በምጽዋት ነው፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ ደጃፍ ይዘጋበታል፣ መንደሩ የከፋ ዓመት ከገጠመው ጾሙን ያድራል። መሠረታዊ ገቢ እንዲሆን የሚፈለገው መብት ነው። ሰጪው ዛሬ ደስ ስላለው ወይም ስላዘነ የሚለወጥ ነገር መሆን የለበትም።

ይህን የሚያጠናው ማን ነው?

ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው አብዝቶ የሚነሳው ግን እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ጋይ ስታንዲንግ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት በዓለም የሥራ ድርጅት ሠርተዋል፤ ከዚያም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ ስለ መሠረታዊ ገቢ የሚመክረውን ዓለም አቀፍ መረብ ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ "ፕሪካሪያት" የሚለውን ቃል አገር አስለመዱት፤ ቋሚ ሥራ፣ ቋሚ ገቢና ቋሚ መታወቂያ የሚሆን ሙያ የሌለው፣ ነገ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሠራተኛ ማለት ነው። ማለዳ ባሕር ዳር አደባባይ ላይ አካፋውን ተደግፎ ጠሪ የሚጠብቀውን ወጣት ማሰብ ይበቃል። ከእነዚያ መካከል ዲግሪ ያለው አይጠፋም።

በሥራ ድርጅቱ ሳሉ ይመሩት የነበረው ክፍል ያጠናው "ኢኮኖሚያዊ ዋስትናን" ነበር። ዋስትናውን ሰባት ቦታ ከፋፍለው አዩት፤ ሥራ የማግኘት፣ ከሥራ ያለመባረር፣ በሥራ ላይ ያለመጎዳት፣ ሙያ የመያዝና ሌሎችም። ከሰባቱ ሁለቱ መሠረት ናቸው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ፦ የገቢ ዋስትናና የመደመጥ ዋስትና። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስታንዲንግ ግን ድምፅ የሌለው ሰው የተሰጠውን ገንዘብ እንኳ ይነጠቃል ብለው አጥብቀው ይከራከራሉ።

ገቢና ዋስትና ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቃሉን ራሱን እንመልከት። ዋስትና የመጣው "ዋስ" ከሚለው ነው። ብድር ስትጠይቁ "ዋስ አምጡ" ትባላላችሁ። ዋሱ ገንዘብ አይሰጣችሁም፤ እናንተ ቢያቅታችሁ እኔ አለሁ ይላል። ያ ሰው መኖሩ ብቻ የማትደፍሩትን ያስደፍራችኋል። ገቢ ማለት በዓመቱ መጨረሻ የተደመረው ነው። ዋስትና ማለት ቢከፋም ከዚህ በታች አልወርድም ብሎ ማወቅ ነው። ሁለት ገበሬዎች በአሥር ዓመት ውስጥ እኩል እህል ሊያመርቱ ይችላሉ። አንዱ በየዓመቱ ተመሳሳይ፣ ሌላው አንድ ዓመት ተትረፍርፎለት አንድ ዓመት በረዶ መቶት። ድምሩ እኩል ነው፤ ኑሮው ግን እኩል አይደለም። ሁለተኛው በክፉው ዓመት በሬውን ሸጧል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያለ በሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቷል፣ ልጁን ከትምህርት አውጥቶ ወደ መተማ ለሰሊጥ አረም ልኳል። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይህ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የገጠር ቤተሰቦች ለዓመታት ሲከታተሉ፣ ከተጠኑት መንደሮች አንዷ በምሥራቅ ጎጃም ያለችው የትመን ነበረች። ከዚያ ጥናት መረጃ የወሰዱት ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን ገበሬው ማዳበሪያ ለምን እንደሚፈራ መርምረዋል። የደረሱበት መልስ ገበሬው ጥቅሙን አያውቅም የሚል አይደለም። ዝናቡ ቢቀር ማዳበሪያው ዕዳ ሆኖ እንደሚቀር፣ ቤተሰቡም እንደሚራብ ስለሚያውቅ ይቆጥበዋል። ድሃው የሚያተርፈውን ትቶ የማያከስረውን ይመርጣል ማለት ነው፤ ያም ድሃ አድርጎ ያቆየዋል።

"እድርና እቁብስ?" የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እድር ሐዘን ለደረሰበት አንድ ቤት ሌላው ሁሉ የሚያዋጣበት ነው፤ በዚያ ማንም አይበልጠውም። ችግሩ በረዶ ወይም ዋግ ሲመጣ አንድ ቤት ብቻ አይመታም። አዋጪው ሁሉ ተረጂ በሆነበት ቀን ሣጥኑ ባዶ ነው። ደቦና ወንፈልም እንዲሁ ጉልበት ያበድራሉ፤ እህል ግን አይፈጥሩም።

ሌላም ነገር አለ፤ ጭንቀት ራሱ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ሕንድ 464 ሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ሁለት ጊዜ ፈተነ፦ ከምርት በፊት ኪሳቸው ባዶ ሳለ፣ ከምርት በኋላ ገንዘብ ሲገባ። የተሰጣቸው የማሰብና የማገናዘብ ፈተና ነበር። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት፣ ከምርት በፊት የከፋ ውጤት አመጣ። አጎቴ ነሐሴ ላይ የሚገባው ውል ጥር ላይ ከሚገባው የከፋ መሆኑ አሁን ብዙም አይገርመኝም። ብዙ ሰው ድሃን "አርቆ አያስብም" ይለዋል። አርቆ እንዳያስብ ያደረገው ቅርቡ ሊሆን ይችላል።

በተግባር ተሞክሯል?

ተሞክሯል፤ በጥቂት ቦታ፣ በተወሰነ ጊዜ። ስታንዲንግ የተሳተፉበት ትልቁ ሙከራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሕንድ ማድያ ፕራዴሽ ነው። "ሴዋ" ከሚባለው የሴት ሠራተኞች ማኅበር ጋር፣ በዩኒሴፍ ገንዘብ፣ በስምንት መንደሮች ለሚኖር ሰው ሁሉ ከአንድ ዓመት በላይ ተከፈለ። መጀመሪያ ለአዋቂ በወር 200 ሩፒ፣ ለልጅ 100 ነበር፤ ኋላ 300 እና 150 ሆነ። ገንዘብ ያልተሰጣቸው ተመሳሳይ መንደሮች ለማነጻጸሪያ ተያዙ።

ከውጤቱ ውስጥ እኔን የሳበኝ የዕዳው ነገር ነው። ብዙዎች በገንዘቡ በከፋ ወለድ የተበደሩትን ከፈሉ። ከአራጣ አበዳሪ የተላቀቀ ሰው ምርቱን ዋጋ ሲወጣ ይሸጣል፤ ጉልበቱንም አበዳሪው ማሳ ላይ ከማፍሰስ በራሱ ማሳ ላይ ያውለዋል። የልጆች አመጋገብ ተሻሻለ፣ ትምህርት ቤት መቅረት ቀነሰ፣ ሴቶች በስማቸው ሒሳብ ከፈቱ። ስታንዲንግ ከዚህ የደረሱበት አባባል አለ፦ የገንዘቡ ነጻ የማውጣት ዋጋ ከገንዘቡ መጠን ይበልጣል። ምክንያቱ የዋስ ምሳሌ ነው፤ ዋሱ ምንም ሳይከፍል ሰው ያስደፍራል።

በስፋትና በጊዜ ርዝመት ግን የኬንያው ይበልጣል። በሲያያና ቦሜት አውራጃዎች አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በቀን ወደ 75 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ የሚሆን ገንዘብ በስልክ ይልካል። መንደሮቹ ተከፋፍለዋል፦ 44ቱ ለ12 ዓመት በየወሩ ያገኛሉ፣ 80ዎቹ ለሁለት ዓመት በየወሩ አገኙ፣ 71ዱ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ወሰዱ፣ 100ው ምንም አላገኙም። የኖቤል ተሸላሚው አብሂጂት ባነርጂና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ውጤት አስገራሚ ነገር ይዟል። ለሁለት ዓመት ብቻ በየወሩ ከተሰጣቸው ይልቅ፣ በወር እኩል የተቀበሉት ግን 12 ዓመት እንደሚቀጥል ያወቁት ሰዎች ንግድ ከፈቱ፣ ገቢያቸው አደገ። በወር እጃቸው የገባው አንድ ነው። የለየው ነገን ማወቃቸው ነው። አንዳንዶቹ እንዲያውም የወር ገንዘባቸውን እቁብ ውስጥ እየጣሉ ጠቅለል አድርገው ያወጡ ነበር። ይህ ለእኛ አዲስ ዘዴ አይደለም።

ሰው አይሰንፍም?

አጎቴም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። "ልጄ፣ ብር እየታደለ ማን ያርሳል?" አለኝ። "አንተ ለቁራሽ ያህል በየወሩ ቢሰጡህ ማረስ ትተዋለህ?" ብዬ መለስኩለት። ሳቀና "እኔማ አልተውም፤ ሌላው ነው እንጂ የሚተው" አለ። በየአገሩ በተደረገ መጠይቅ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ እኔ እሠራለሁ፣ ጎረቤቴ ይሰንፋል።

በሕንድም በኬንያም የታየው ሥራ መቀነስ አይደለም፤ የሥራ ዓይነት መቀየር ነው። ሰዎች በሰው ማሳ የቀን ሠራተኛ ከመሆን ወደ ራሳቸው ሥራ ዞሩ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በወር 560 ዩሮ ያለ ግዴታ ስትሰጥ ደግሞ ሥራ የማግኘታቸው ነገር ብዙም አልተለወጠም፤ የአእምሮ ጤናቸውና በነገ ላይ ያላቸው እምነት ግን ተሻለ። ሙከራዎች ሁሉ የሚያልቁ ናቸውና ሰው ዕድሜ ልኩን እንደሚያገኝ ቢያውቅ ምን ያደርጋል የሚለውን ሙሉ በሙሉ አይመልሱም።

ዋጋ አይንርም?

ብር ታትሞ ከተሰጠ ይንራል፤ ለዚያ ጥናት አያስፈልግም። ከሌላ ቦታ ተሰብስቦ ከተሰጠ ግን ጥያቄው ገበያው ዕቃ ማምጣት ይችላል ወይ የሚለው ነው። እዚያው ሲያያ ውስጥ በሌላ ጥናት ከ10,000 ለሚበልጡ ቤቶች ለእያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር ሲሰጥ፣ የዋጋ ጭማሪው በአማካይ 0.1 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ገንዘብ ያላገኙ ጎረቤቶች እንኳ ከገበያው መነቃቃት ተጠቀሙ። ይህን ወደ ጎጃም ስናመጣ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የኬንያው መንደር መንገዱ ክፍት ነው፣ ነጋዴው ጭኖ ይገባል። መንገድ በሚዘጋበት፣ መኪና በሚቆምበት ወቅት ብር ብቻ ቢገባ ያለችውን ዕቃ ለመሻማት ከማገልገል አያልፍም።

ከሴፍቲኔት በምን ይለያል?

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ተጀምሮ ሚሊዮኖችን የደገፈ ነው። በአማራ ክልል በአብዛኛው የወሎ፣ የዋግ፣ የጎንደርና የሰሜን ሸዋ ደረቅ ወረዳዎች እንጂ አብዛኛው ጎጃም አልነበረበትም። መስፈርቱ በየዓመቱ የምግብ እጥረት ያለበት ወረዳ መሆን ነውና "ትርፍ አምራች" የተባለ አገር ውስጥ ያለ ድሃ መስፈርቱ አያየውም። መሥራት የሚችል ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ያለ ሥራ ያገኛል። ማን ይግባ የሚለውን የቀበሌ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ኑሮው የተሻሻለ ደግሞ "ይመረቃል"።

መሠረታዊ ገቢ ሦስቱንም ያስቀራል፤ ሥራውን፣ ምርጫውን፣ ምረቃውን። ጥቅሙ በኮሚቴ ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት አለመኳረፉ ነው፤ ደግሞም ሰው እንዳይመረቅ ብሎ ንብረቱን አይደብቅም። ጉዳቱ ያው ነው፦ ለሁሉም ሲሰጥ ለማይቸግረውም ይደርሳል። ተቃዋሚዎቹ "ያንኑ ገንዘብ በጣም ለተቸገረው አብዝታችሁ ስጡት፣ ወይም ጤና ጣቢያ ሥሩበት" ይላሉ። ቀላል መልስ ያለው ክርክር አይደለም፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ቀን በቀን ሐሳቤን እቀያይራለሁ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ሒሳቡን እንሥራው። የኢትዮጵያን ሕዝብ 120 ሚሊዮን ብንይዝና ለእያንዳንዱ በወር 1,000 ብር ቢሰጥ፣ በወር 120 ቢሊዮን፣ በዓመት 1.44 ትሪሊዮን ብር ይሆናል። የ2018 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከበጀቱ ሦስት አራተኛው ለዚህ ብቻ ሊውል ነው ማለት ነው፤ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለመንገድ፣ ለዕዳ የሚቀረው ሩብ ነው። 1,000 ብር ደግሞ አንድ ኩንታል ጤፍ አያስገዛም። እንዲህ ባለ መጠን ዛሬ በኢትዮጵያ በግብር ብቻ ይቻላል የሚል ሰው ቁጥሩን አልደመረውም።

የስታንዲንግ መልስ ግብር ላይ አይቆምም። መሬት፣ ውሃ፣ ማዕድን፣ ደን ማንም አልፈጠራቸውም፤ የጋራ ናቸው፤ ከእነሱ የሚገኘው ትርፍ ለሁሉም ሊካፈል ይገባል ይላሉ። የሚጠቅሱት አላስካን ነው። ግዛቲቱ ከነዳጅ ገቢዋ ከፊሉን በፈንድ አስቀምጣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለነዋሪዋ ሁሉ፣ ለሕፃን ሳይቀር፣ በየዓመቱ ድርሻ ታከፍላለች።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይመስለኝም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት ማለት ይኸው ነበር። ከአቅኚው አባት በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል መወለዱን የቆጠረ ሰው ድርሻ ይጠይቃል። "ድሃ ነህ ወይ?" አይባልም፤ "የማን ልጅ ነህ?" ነው የሚባለው። ድርሻው የመጣው ከችግር አይደለም፣ ከአባልነት ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ያመፀው በገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊነጠቅ ነው የሚል ሥጋት ነበር። ርስት ግን ፍጹም አልነበረም። ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ መጤውም፣ ብዙ ጊዜ ከድርሻው ውጭ ነበሩ፤ ዘር ቆጠራውም የዕድሜ ልክ ሙግት ይወልድ ነበር። የመሠረታዊ ገቢ አቀንቃኞች የሚሹት ሙግት የሌለበት፣ ሸማኔውንም የሚጨምር ርስት ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ግሽ ዓባይ ሰከላ ውስጥ ነውና "ታዲያ የዓባይስ?" የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ሕዝቡ ከኪሱ ቦንድ ገዝቶበት ከተሠራ ግድብ የሚገኝ ገቢ እንደ አላስካ ነዳጅ ቢታሰብስ? እንዲህ ያለ ዕቅድ አለ ማለቴ አይደለም። "የጋራ ሀብት ድርሻ" የሚለው ሐረግ እዚህ አገር በምን ሊመሰል እንደሚችል ለማሳየት ያህል ነው።

ቢወሰን እንኳ እጅ ላይ እንዴት ይደርሳል?

ሰው መሆንህን የሚያረጋግጥ መታወቂያ፣ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ፣ ሒሳቡን የሚከፍት ኔትወርክ ያስፈልጋል። ኬንያ በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤምፔሳ ስለነበራት ቀለላት። እኛም ፋይዳና ቴሌብር አሉን፤ ኢንተርኔት በተቋረጠና የባንክ ቅርንጫፍ በተዘጋ ጊዜ ግን ሁለቱም ስልክ ላይ ያሉ ስሞች ናቸው። ስታንዲንግ የገቢ ዋስትናን ከመደመጥ ዋስትና ጋር ያጣመሩት ለዚህ ይመስለኛል፤ ክፍያው ሲቀር የት ሄዶ እንደሚጮህ የማያውቅ ሰው እጁ ላይ ያለው ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።

አጎቴን መጨረሻ ላይ በወር ቁራሽ ታህል ነገር በእርግጥ እንደሚመጣለት ቢያውቅ ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ብዙም አላሰበም። "ጤፉን ጥር ላይ አልሸጥም ነበራ" አለኝ።